የፎቶ ፕሮግራም ስትመርጡ ማደራጃውን አስቀድሙ

«ላይትሩም ይሻላል ወይስ ዳርክቴብል?» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ቀለም ላይ ነው። የትኛው የፊት ቀለም ያሳምራል፣ የትኛው ከጥላ ውስጥ ዝርዝር ያወጣል። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 እርከን ስላለው ደህና የሚባል ፕሮግራም ሁሉ ጥሩ ፎቶ ያወጣበታል። ጄፔግ ያለው 256 ብቻ ነው፤ ብዙ ሲጎተት ሰማዩ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ በየትኛውም ፕሮግራም። ልዩነቱ የሚመጣው ፎቶው ሃያ ሺህ ደርሶ «የእህቴ የምርቃት ፎቶ የት ገባ?» ሲባል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው፦ የምትሰጡት ኮከብ፣ የምትጽፉት መለያ ቃልና የምታደርጉት እርማት የት ይቀመጣል?

ላይትሩም ክላሲክ ሁሉንም ካታሎግ በሚባል አንድ ፋይል ያስቀምጣል። ፎቶዎቹ ራሳቸው ካታሎጉ ውስጥ የሉም፤ ያለው አድራሻቸውና የተደረገባቸው እርማት ነው። ካታሎጉን ባክአፕ አድርጎ ፎቶዎቹም ባክአፕ የተደረጉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳርክቴብልም የራሱ መዝገብ አለው፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን ኮከቡን፣ መለያ ቃሉንና እርማቱን የሚይዝ ኤክስኤምፒ የሚባል ትንሽ ፋይል ይጽፋል። መዝገቡ ቢበላሽ እንኳ ፎልደሩን እንደገና ስታስገቡት ሥራው ይመለሳል። ላይትሩምም ይህን ይችላል፤ ግን ሲጫን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ካታሎግ ሴቲንግስ ገብታችሁ ሜታዳታ በሚለው ክፍል ለውጥን በራሱ ወደ ኤክስኤምፒ እንዲጽፍ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ኮሌክሽኖች (በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ያሉ የፎቶ ስብስቦች) እና ቨርቹዋል ኮፒዎች (ፋይሉ ሳይገለበጥ የአንድ ፎቶ ሌላ እርማት) ግን ያኔም ከካታሎጉ አይወጡም፤ ስለዚህ ዋናውን ማደራጀት በመለያ ቃልና በኮከብ ሥሩት።

ይህ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። ጉግል ፒካሳ የሚባለውን የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሙን በ2016 አቁሞታል። አፕል አፐርቸር የሚባለውን የፎቶ ፕሮግራሙን እንደሚተው ያሳወቀው በ2014 ነው፤ በ2019 በወጣው ካታሊና በሚባለው የማክ ሲስተም ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይሠራም። የማንም ፎቶ አልጠፋም፤ ብዙ ሰው ያጣው ለዓመታት ያደራጀውን ነው።

ላይትሩም ለመልመድ ቀላሉ ነው፤ ትምህርቱም በየዩቲዩቡ ሞልቷል። ክፍያው ግን የማያቋርጥ ነው። ክፍያ ሲቆም ካታሎጉ ይከፈታል፣ ፎቶ መፈለግና ኤክስፖርት ማድረግም ይቻላል፤ የሚዘጋው ዋናው የማረሚያ ክፍል ነው። ውጭ አገር ለሚኖርና ካርድ ላለው ሰው ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በየወሩ ዶላር ለሚፈልግ ግን ችግር ነው። ክራክ የተደረገው ደግሞ ስለማይታደስ አዲስ ካሜራ ስትገዙ ሮው ፋይሉን አይከፍትም፤ ከነቫይረሱ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። ለቆየ ላይትሩም መውጫው የአዶቤ ነጻ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነው፤ አዲሱን ሮው አሮጌው ፕሮግራም ወደሚያነበው ዲኤንጂ ወደሚባል የሮው ዓይነት ይለውጠዋል።

ገንዘብ ለማይከፍል ሰው የምመክረው ጥንድ ዲጂካምና ዳርክቴብል ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራሉ፣ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ዲጂካም ለማደራጀት፣ ዳርክቴብል ለእርማት። ዲጂካም ፊት እንዲለይ ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ፋይል ላውርድ ስለሚል ዋይፋይ ባለበት ጫኑት። ከዚያ በሜታዳታ ቅንብሩ ውስጥ ኤክስኤምፒ እንዲያነብና እንዲጽፍ አብሩት፤ ዳርክቴብል ላይ ደግሞ ሲነሣ የተለወጡ ኤክስኤምፒዎችን እንዲፈልግ እዘዙት። ሁለቱ የሚጽፉት በአንድ ፋይል ላይ ስለሆነ እኩል አትክፈቷቸው።

ዳርክቴብል አዲስ ሰው ያስደነግጣል፤ የሞጁሉ (የማረሚያ መሣሪያው) ብዛት ማለቂያ የለውም። ለመጀመሪያው ወር ኤክስፖዠር፣ ዋይት ባላንስ፣ ክሮፕ፣ ሌንስ ኮሬክሽንና ብርሃንና ጥላውን የሚያመጣጥነው ሲግሞይድ ይበቃሉ። ፊልሚክ የሚባለው ከሲግሞይድ ጋር አንድ ሥራ ስለሚሠራ አንዱን ብቻ ክፈቱ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ንጽጽሩ ይበላሻል።

አሁን ወደ አገራችን ጣጣ። ካሜራ በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ። ሠርግ ላይ የአንዱ ካሜራ 3:00፣ የሌላው 9:00 ከሆነ የጠዋቱ ሽኝት ከሰዓት በኋላው ምሳ መሐል ይገባል። በላይትሩም ኤዲት ካፕቸር ታይም፣ በዲጂካም የጊዜና ቀን ማስተካከያው የተመረጡትን ፎቶዎች በሙሉ 6 ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ካሜራው የተሞላው ማታ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት 02:00 ተብሎ፣ ልዩነቱ 18 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ከመግፋታችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን ፎቶ አመሳክሩ። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አትሙሉ፤ ካሜራ ጳጉሜን አያውቅም። ፎልደሩን «2025-01-19 ጥምቀት» ብላችሁ ሰይሙ፣ «ጥምቀት 2017» የሚለውን መለያ ቃል አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ቅደም ተከተሉም ይጠበቃል፣ ፍለጋውም ይሠራል።

መለያ ቃል በአማርኛ መጻፍ ችግር የለውም፤ ኤክስኤምፒ ፊደሉን በደንብ ይይዛል። የሚያስቸግረው የእኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠርግ» እና «ሰርግ» ለፕሮግራሙ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው፤ «ፀሐይ» ደግሞ በስንት መልክ እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። ቃሉን አንዴ ጻፉት፣ ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ ላይ ብቻ ምረጡ። ቀድሞ ከተከፋፈለ፣ በአንደኛው ቃል ያሉትን ፎቶዎች በሙሉ ምረጡ፣ ሁለተኛውን ቃል ስጧቸው፣ የመጀመሪያውን ሰርዙ።

ስለ ኮምፒውተሩ፦ ላይትሩም ክላሲክ ቢያንስ 8 ጂቢ ራም ይጠይቃል፣ 16 ቢሆን ይሻላል። ካታሎጉ ወይም መዝገቡ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፣ ፎቶዎቹ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ቢሆኑ ግድ የለም። የ24 ሜጋፒክስል ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚሆን ሺህ ፎቶ 30 ጂቢ ገደማ ይወስዳል። በዊንዶውስ ዲስኩ ዛሬ ኢ፣ ነገ ኤፍ እየሆነ ሲነሣ ፎልደሮቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ያወጣሉ። አትደንግጡ፣ እንደገናም ኢምፖርት አታድርጉ፤ ፎቶው ሁሉ ድርብ ይሆንባችኋል። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ለዲስኩ ቋሚ ፊደል ስጡት፤ ፎልደር ተዘዋውሮ ከሆነ ደግሞ ላይትሩም ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር በሉት። ፎቶ ማዘዋወር ያለባችሁ ምንጊዜም ከፕሮግራሙ ውስጥ ሆናችሁ ነው።

በስልክ ብቻ የምትሠሩ ስናፕሲድ ይበቃችኋል፤ ነጻ ነው፣ ዲኤንጂም ይከፍታል፤ ማደራጀት ግን አይችልም።

ከመወሰናችሁ በፊት 200 ፎቶ ወደ ሌላ ፎልደር ገልብጡና ሞክሩ። መለያ ቃል በአማርኛ ስጡ፣ ለአሥሩ አራት ኮከብ፣ ለጥቂቶቹ እርማት። ከዚያ ያንኑ ፎልደር በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። ኮከቡና ቃሉ ከተሻገሩ ደኅና ነው። የቀለም እርማት በአብዛኛው አይሻገርም፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ስሌቱ የራሱ ነውና። ስለዚህ ያለቀላቸውን ፎቶዎች በሙሉ መጠን፣ በ90 ጥራት ጄፔግ አውጥታችሁ ከሮው ጎን አስቀምጡ፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ የሚመረጠው የቀለም ቦታ (ከለር ስፔስ) ኤስአርጂቢ ይሁን፣ አዶቤ አርጂቢ ከሆነ ብዙ ስልክ ላይ ደብዝዞ ይታያል። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑ ያንሳል፣ የተነሣበት ቀንም ይወልቃል። እንደ ፋይል ላኩት።