አንድ አዳራሽ፣ ሦስት ጥበብ፦ የዩኒቨርሲቲያችንን የኪነ ጥበብ ወቅት እንዴት እንዳሰናዳሁት

የዩኒቨርሲቲያችንን የኪነ ጥበብ ወቅት እንዳስተባብር ኃላፊነቱ ሲሰጠኝ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። «ዘንድሮ የትኛውን ቴአትር መረጣችሁ?» እኔ ገና ምንም አልመረጥኩም። መጀመሪያ ያደረግሁት ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ የዓመቱን ሳምንታት መጻፍ ነው። ከዚያ ምንም የማይሠራባቸውን ቀኖች ሰረዝኩ። የፈተና ሳምንት፣ የምዝገባ ቀን፣ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት ዕረፍት። እነዚህ ሲወጡ የተረፈን ጊዜ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ያለን አንድ አዳራሽ ነው። ከፊቱ ሰፊ መግቢያ አለው። ኮንሰርቱም፣ ቴአትሩም፣ የሥዕል ኤግዚቢሽኑም እዚሁ ነው የሚስተናገደው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቴአትር ደግሞ አዳራሹን የሚይዘው ለሁለት ሰዓት ብቻ አይደለም። የመድረክ ግንባታ አለ። መብራት መስቀልና ማነጣጠር አለ። የቴክኒክ ልምምድ አለ። ተዋንያኑ ልብሳቸውን ለብሰው የሚያደርጉት የመጨረሻ ልምምድም አለ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ማፍረሱና ማጽዳቱ ይከተላል። ኮንሰርትም ቢሆን ወንበር መደርደር፣ ድምፅ መፈተሽና ፒያኖ ማስቃኘት ይፈልጋል። እነዚህን ሰዓታት በቀለም እየለየሁ ወረቀቱ ላይ ሳሰፍር ትርኢቶቹ ራሳቸው ትንንሽ ነጠብጣብ ሆነው ቀሩ። የአንድ ወቅት ሥራ ያለው በትርኢቶቹ መካከል ባለው ሰዓት ውስጥ ነው። የሚከተለውን ውሳኔ ሁሉ የወሰንኩት ከዚያ ወረቀት ተነስቼ ነው።

ኮንሰርቶቹን ከመድረክ ግንባታው በፊት አደረግናቸው። ለቴአትሩ ተከታታይ ሳምንታት ሰጠነው፤ መድረኩ አንዴ ከተሠራ የመጨረሻው ትርኢት እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። ኤግዚቢሽኑን ግን ከመጀመሪያው ኮንሰርት እስከ መጨረሻው ቴአትር ድረስ እንዲቆይ አደረግሁ። ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ድምፅ ነው። አዳራሹ ሲሠራ ለስብሰባ ታስቦ ነው። ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ። ባዶውን እያለ መሃሉ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። እጄን ካወረድኩ በኋላም ድምፁ ጣሪያው ሥር ይዞር ነበር። ማይክሮፎን መጨመር ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። የሚያደናግረውን ድምፅ ነው ይበልጥ የሚያጎላው።

ይህን ችግር ከእኛ በፊት የተጋፈጠ ሰው አለ። ታሪኩ የተፈጸመውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ የሚባል አዲስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፍቶ ነበር። በሙዚየሙ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ ግን ንግግር አይለይም። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከአምስት ሰከንድ በላይ ይቆያል፤ ቀጣዮቹ ቃላት በላዩ ላይ ይደራረባሉ። ዋላስ ሴይባይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር መላ እንዲፈልግ ተጠየቀ። ሌሊት ሌሊት ሳንደርስ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቴአትር የወንበር ትራስ እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድር ነበር። የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋና ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ በሰዓት ይለካል። ሲነጋ ትራሶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የደረሰበት ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል። ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ድምፅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ድምፅ የሚመጥጥ ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የታነጸው በሴይባይን ምክር ነው።

እኛም ከዚሁ ነው የጀመርነው። ለንግግር አንድ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ለኦርኬስትራና ለመዘምራን ግን ሁለት ሰከንድ አካባቢ ነው የሚወደደው፤ ድምፁ ትንሽ ሲቆይ ዜማው ይሞላል። አንድ አዳራሽ ለሁለቱም እንዲሆን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ከባድ መጋረጃ በሐዲድ ሰቀልን። ለቴአትር ይዘጋል፤ ለመዘምራን ይሰበሰባል። መጋረጃው ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እጥፋቱ በዝቶ ሲሰቀል ድምፁን የበለጠ ይመጥጣል። ተወጥሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ እምብዛም አይጠቅምም። በየትኛው ዝግጅት መጋረጃው የት ድረስ እንደሚዘጋ ለማስታወስ ሐዲዱ ላይ በቴፕ ምልክት አደረግን።

መሣሪያ የማይነግራችሁን ደግሞ አዳራሹን ለዓመታት የከፈቱና የዘጉ ሰው ይነግሯችኋል። የአዳራሹን ጠባቂ «ጋሼ፣ ከኋላ የቱ ጋ ነው የማይሰማው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አላሰቡም። «በግራ በኩል፣ ከምሰሶው ኋላ። እዚያ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ሳያልቅ ነው የሚወጡት» አሉኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። አንዲት ተማሪ መድረኩ ላይ ቆማ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ድምፅዋ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም። እነዚያን ወንበሮች ከትኬት ሽያጭ አወጣናቸው። ሌላም ነገር አለ። ሰው ራሱ ድምፅ ይመጥጣል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያማረው ሚዛን ሰው ሲሞላ ይለወጣል። ስለዚህ የመጨረሻውን የድምፅ ፍተሻ ባዶ አዳራሽ ውስጥ አላደረግንም። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጋብዘን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው። ለእነሱም ነፃ ኮንሰርት ሆነላቸው።

ፒያኖ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ነው። በውስጡ ወደ 230 የሚጠጉ ጅማቶች አሉ። የሁሉም ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ይሆናል። እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፒያኖው ወደ አዳራሹ ከገባ በኋላ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ቀናት መቆየት አለበት። መቃኘት ያለበትም በኮንሰርቱ ዕለት፣ መብራቱ በርቶ፣ በቆመበት ቦታ ላይ ነው። ቃኚው ሲሠራ ጸጥታ ይፈልጋል። በዚያን ሰዓት መሰላል መጎተት፣ መዶሻ መምታት፣ ማይክ መሞከር የለም። ይህን ሰዓት በወረቀቱ ላይ በቀይ ነው የጻፍኩት። ለማንም አልለወጥኩትም።

አሁን ወደ ኤግዚቢሽኑ። የመግቢያው አንድ ጎን ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች። በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥዕሎች፣ በተለይ የውሃ ቀለም፣ ብርሃን አይችሉም። ሙዚየሞች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚፈቅዱት። የዘይት ቀለም እስከ 200 ይችላል። ስለዚህ የወረቀቱን ሥራ ሁሉ ፀሐይ ወደማይደርስበት የውስጠኛው ግድግዳ ወሰድነው። የሥዕሎቹን መካከለኛ ነጥብ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ አደረግን፤ ቆሞ ለሚያይ አብዛኛው ሰው ዓይን የሚመጥን ከፍታ ነው። መጠናቸው የተለያየ ሥዕሎች እንኳ መካከላቸው በአንድ መስመር ሲውል ግድግዳው ይረጋጋል።

የተማሪ ኤግዚቢሽን የራሱ ጣጣ አለው። ሥራው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ይሠራል። አንድ ልጅ ትልቅ ሸራ በሁለት እጁ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ መጣ። «አይነካ፣ ገና እርጥብ ነው» አለ። የዘይት ቀለም ውሃ ተንኖ እንደሚደርቅ ቀለም አይደለም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ላዩ ለመድረቅ እንኳ ቀናት፣ ወፈር ካለ ሳምንታት ይፈጅበታል። ያንን ሸራ ሰው ከሚተላለፍበት አርቀን፣ ከፊቱ አጭር ገመድ አስረን ሰቀልነው። ለሌሎቹ የዘይት ቀለም ሥራዎች የመረከቢያ ቀኑን ከሰቀላው ብዙ ቀደም አድርገን ወሰንን። እያንዳንዱን ሥዕል ስንረከብ ፎቶ እናነሳለን። ጭረት፣ የታጠፈ ጥግ፣ የላላ ፍሬም ካለ ባለቤቱ ባለበት ጽፈን እንፈራረማለን። ሥራውን አምኖ ለሰጠ ሰው የሚገባው ክብር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤግዚቢሽኑ ወቅቱን ሙሉ እንዲቆይ የፈለግሁት ለቴአትር የመጣ ሰው ሳያስበው ሥዕል እንዲያይ ነው። የዕረፍት ሰዓቱንም ከተለመደው 15 ደቂቃ ወደ 25 አሳደግሁት። አንዳንዶች ሰው ይበተናል ብለው ሰግተው ነበር። አልተበተነም። ሰዓሊዎቹ በተራ ከሥራቸው አጠገብ እንዲቆሙ አድርገን ነበርና ወሬው ደራ። ያ እርጥብ ሸራ ይዞ የመጣው ልጅ ሥዕሉን ሊያስረዳ መጥቶ፣ ደወሉ ሲደወል ከተመልካቹ ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ቴአትር አይቶ አያውቅም ነበር። በሚቀጥሉት ምሽቶችም ሁለተኛውን ክፍል ያለ ማቋረጥ እየገባ አየው። ከወቅቱ ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ስለ ቴአትሩ አንድ ሁለት ነገር። የቴክኒክ ልምምዱን ከትወናው ልምምድ ለይተን ነው ያደረግነው። ንግግሩን እየዘለልን ከመብራት ለውጥ ወደ መብራት ለውጥ፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ ብቻ ሄድን። ትእዛዝ የምትሰጠው የመድረክ ሥራውን የምትመራው ስቴጅ ማናጀሯ ብቻ ናት። አዘጋጁም ቢሆን አስተያየቱን በእሷ በኩል ነው የሚያስተላልፈው። ለመብራቱ የመድረክ መብራት መምህሩ ስታንሊ ማካንድለስ በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውን ዘዴ ተጠቀምን። ተዋናዩን ከፊት በግራና በቀኝ፣ ከ45 ዲግሪ አካባቢ፣ አንዱን ሞቅ ያለ ሌላውን ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ሰጥቶ ማብራት ነው። ጥቂት አምፖል ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ፊት ፊት ይመስላል፣ ጥላው ቅርጽ ይሰጣል። የደራሲውን ፈቃድ ደግሞ ልምምድ ሳይጀመር በጽሑፍ አግኝተናል። የቅጂ መብትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የድርሰት መብት ቢያንስ ደራሲው ካለፈ 50 ዓመት እስኪሆነው ይቆያል። «የተማሪ ሥራ ነው፣ ማን ይጠይቃል» የሚለው ወሬ ጥበብን እናስተምራለን ከሚል ተቋም አይጠበቅም።

ፖስተር፣ ትኬት፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልፈዋለሁ። የመክፈቻ ንግግርና የፊት ወንበር ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። ንግግሩን ወደ መግቢያው፣ ሥዕሎቹ ፊት አወጣነው። አጭር፣ በቁም። አዳራሹ ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ የሚሰማው የአርቲስቱ ድምፅ ነው መሆን ያለበት። ለክብር እንግዶች የተያዙትን ወንበሮች ትርኢቱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ለቆሙት ተማሪዎች እንለቃለን። ይህንን በግብዣ ወረቀቱ ላይ አስቀድመን ስለጻፍነው ማንም አልተቀየመም። ተዋናይ ለባዶ የፊት ረድፍ መጫወት የለበትም።

ለሚቀጥለው ወቅት የፊዚክስ ተማሪዎች አዳራሹን እንዲለኩልን ጠይቀናል። ፊኛ ያፈነዳሉ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በየወንበሩ ረድፍ ይቀዳሉ። መጋረጃው ተዘግቶም ተሰብስቦም ይሞክሩታል። ውጤቱ ሲመጣ የኋላው ግድግዳ ላይ ምን ያህል ጨርቅ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ከምሰሶው ኋላ ያሉትን ወንበሮችም ምናልባት ወደ ትኬቱ እንመልሳቸዋለን።