ወጉን መጻፍና ወጉን ማሳተም

ይህን የምጽፈው የራሱን የወግ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ ለማሳተም ላሰበ ሰው ነው፤ እኔን አስቀድሞ የመከረኝ አልነበረም።

መጻፉ ዕዳው ገብስ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ፣ ቤተሰቡ ሳይነቃ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ጎረቤቴ የቡና ጠሪነት፣ ልጄ ግራና ቀኝ ጫማዋን አቀያይራ ተጫምታ ትምህርት ቤት ስለሄደችበት ቀን እጽፍ ነበር። በማግሥቱ የምጽፈው እንዳላጣ ስል ቀኑን ሙሉ ዓይኔንና ጆሮዬን ከፍቼ መዋል ጀመርኩ፤ ቀድሞ ያንገበግበኝ የነበረው ሰልፍም የሰው ጨዋታ መስሚያ ሆነልኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ የኖርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

አርትዖቱን አንድ ወዳጄ ሠራልኝ። የአይኤስቢኤን ቁጥር (የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ) ማውጣቱ አላደከመኝም። የቅጂ መብት ምዝገባውን በተመለከተ ሁሉም «ሳይታተም አስመዝግብ» ይላል፤ እኔ ግን አያስቸኩልም ባይ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ተፈጥሮ ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም በጽሑፍ ሲሰፍር፣ እንጂ ሲመዘገብ አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱ ለማስረጃ ይጠቅማል፣ በኋላም ይደርሳል።

መከራው ማተሚያ ቤት ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ዋጋው ቁርጥ ሆኖ ውል ተፈራረምን፤ ግማሹንም ቀብድ ከፈልኩ። ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 ብር አለፈ። ወረቀት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ስልክ እንደሚደወልልኝ ገምቼ ነበር፤ ተደወለም። ሥራ አስኪያጁ ጭማሪ ካልከፈልኩ መጽሐፉ ማሽን ላይ እንደማይወጣ ነገረኝ። ውሉ ስለ ዋጋ ለውጥ አንዲት ቃል እንደሌለው ሳሳየው «ጊዜው ነው» ብሎ ሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ። አንድ ቀን ወረቀቱ ገና ጂቡቲ ነው ተባልኩ። ስወጣ ግን የመጋዘኑ በር ክፍት ነበርና ጎራ አልኩ፤ ዕቃ ጠባቂው፣ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፣ «የእርስዎ ይኼ ነው» ብሎ ባለ 80 ግራሙን የወረቀት ጥቅል በእጁ መታ መታ አደረገልኝ። ጥቅሉ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የመጽሐፌ ርእስና የገባበት ወር ተጽፏል፦ ሰኔ። ተመልሼ ገብቼ ሥራ አስኪያጁን ስጠይቀው አላፈረም። «ይኼ ሲያልቅ መተኪያውን በስንት እንደምገዛው ያውቃሉ?» አለኝ። ለነጋዴ ነገሩ ስሜት እንደሚሰጥ አልክድም፤ ዋጋው ቢወርድ ኖሮ ግን ደውሎ ይመልስልኝ ነበር ወይ? በመጨረሻ ከጠየቀው ግማሹን ከፍዬ ተገላገልኩ፤ እስከ ዛሬ ግን ያንገበግበኛል።

ከገንዘቡ የበለጠ የቆጨኝ ማለዳዬ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣቴን አልተውኩም፤ ብቻ ብዕሬን ይዤ በሐሳቤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስሟገት ይነጋል። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ፤ ስለ ደስታ የጻፍኩት መጽሐፍ ደስታዬን በላብኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚያውቁኝ ደራስያን «ወረቀቱን ለማተሚያ ቤቱ ተው» ይላሉ፤ እኔ ግን ወረቀቱን ራስዎ ገዝተው ያስረክቡ፣ ለማተሚያ ቤቱ የኅትመቱን ዋጋ ብቻ ይክፈሉ እላለሁ። ውሉ ላይ «ዋጋው አይለወጥም» የሚለው በቃል ሳይሆን በአንቀጽ ይግባ። የመጨረሻውን ናሙና ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ታትሞ ይዩት፤ የእኔ ፋይል ፊደሉ በሌለበት ማሽን ተከፍቶ «እናቷ» በተባለበት ሁሉ «ቷ» ባዶ ሳጥን ሆና ወጥታ ነበር። የምረቃ ድግሱን ይተዉት፤ ለአዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ ለሁለተኛው መጽሐፍ ወረቀት ይሆናል።

እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ወረቀቱ ሳሎናችን ግድግዳ ሥር ተደርድሯል፤ ባለቤቴ የእንግዳ መቀመጫ ጠፋ እያለች ታጉረመርማለች፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ።