«ልጄ፣ ሰም ሸተተኝ»

ሥራዬ ኤግዚቢሽን ማቀናጀት ነው። ይህ የሆነው ፒያሳ አካባቢ፣ ሙዚየም በሆነ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው።

ሠዓሊዋ የሳሎኑን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ፈለገች። በንብ ሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍ። ጭቃ ቤት ላደገ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። የብዙዎቻችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ አይጥ ሲሮጥበት ከታች ይታወቀን ነበር። ደቡብ ኮሪያዊቷ አርቲስት ኪምሱጃም በ2006 እ.ኤ.አ. የማድሪድን ክሪስታል ቤተ መንግሥት እንዲሁ ለውጣዋለች። የሕንፃውን መስታወት ብርሃን በሚበትን ስስ ፕላስቲክ ሸፈነችው፣ ወለሉን መልክ ማያ መስተዋት አደረገችው፣ ብርሃኑ በየቦታው ቀስተ ደመና ሆነ።

የኛው ቤት ግድግዳ ሚስማር አይችልም፤ ልስኑ ይረግፋል። ስለዚህ ሽቦውን ከጣሪያው እንጨት ላይ አሰርነው። ከወረቀቱ በላይ የሙዚየሙ የቆዩ ሃሎጅን መብራቶች ነበሩ። ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተሞክረው «ያምራል» ተባለ። በእርግጥም ያምር ነበር፤ ሳሎኑ ሁሉ የማር ቀለም ያዘ።

ማታ ግን መብራቱን ያጠፋ ሰው አልነበረም። እኩለ ሌሊት ላይ ጥበቃው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሰም ሸተተኝ። ጧፍ የበራ መስሎኝ ዞርኩ፣ የለም። ቆጣሪውን አጥፍቼዋለሁ፤ ቶሎ ና።»

የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ይለሰልሳል። ሃሎጅን ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ስደርስ ወረቀቱ በየመብራቱ ሥር ረግቦ ተንጠልጥሏል፣ አንድ ቦታ ላይ ቡኒ ሆኗል። ከላዩ ያለው ስንት ዘመን የደረቀ እንጨት ነው። ያን ሳስብ አሁንም ልቤ ይመታል።

በማግሥቱ አለቆች «ይውረድ» አሉ። ተከራከርኩ። ጥፋቱ የመብራቱ እንጂ የሥራው አልነበረም። ሃሎጅኑ ብዙ በማይግል ኤልኢዲ አምፖል ተቀየረ፣ ርቀቱ ጨመረ፣ ሠዓሊዋ የተጎዱትን ወረቀቶች እንደ አዲስ ሠራች። ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ስለዚያ ሥራ ስንት ስብሰባ ተቀመጥን! ሌሊቱን ከቤቱ ጋር የሚያድሩትን ሰው ግን የጠራቸው የለም። አሁን ምንም ከመስቀሌ በፊት ጋሼን ይዤ ቤቱን በማታ እዞራለሁ። ሐምሌ ላይ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ሶኬት እንደሚግል ያሳዩኛል። እኔ እጽፋለሁ፤ ሠዓሊውም ንድፉን ሳይጨርስ ማስታወሻው ይደርሰዋል።