ጨረቃን ለልጆችም ለትልልቆችም ስጽፍ

ቋሚ ቀጣሪ የለኝም፣ በግሌ የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ልቦለድ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሰማይ፣ ስለ ነፍሳት፣ ስለ ሰው አካል ነው፤ ግማሹን ለልጆች፣ ግማሹን ለአዋቂዎች። ብዙ ሰው የልጆቹን እንደ ቀላል ሥራ ያየዋል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ስለ ጨረቃ የሠራሁት ነው።

በመጀመሪያ ለአዋቂዎች ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ወራት ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ አሳታሚ በዚያው ርዕስ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ጥናቱ አልቋል፣ የቀረው ማሳጠር ብቻ ነው አልኩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ ገጾቹ በ8 በ8 ወይም በ16 በ16 ስለሚወጡ። ከዚያ ላይ ሥዕሉ የሚወስደው ሲቀነስ ለቃላት የሚተርፈው ጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ ረጅሙን ጽሑፌን ያዝኩና ከባባድ ቃላቱን እያወጣሁ፣ ዐረፍተ ነገሩን እየቆራረጥኩ ረቂቅ አዘጋጀሁ።

ረቂቁን ለጥቂት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች አነበብኩላቸው። «ጨረቃ ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ብቻ ታሳየናለች፤ በራሷ ላይ አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት ጊዜና ምድርን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት ጊዜ እኩል ነውና» የሚለው ጋ ስደርስ አንዷ እጇን አወጣች። «በራሷ ላይ የምትዞር ከሆነማ ጀርባዋም ይታየን ነበር» አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት የመጣልኝ ያው ዐረፍተ ነገር ነው። በሌላ ቃል ላስረዳት አልቻልኩም። ለአዋቂዎቹ የጻፍኩትም ቃል በቃል ይኸው ነበር፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ገብቶኛል ብዬ አልፌዋለሁ።

ቤት ገብቼ ወንበር መሃል ላይ አስቀመጥኩና ፊቴን ከሱ ሳላዞር፣ በጎን በጎን እየተራመድኩ ዞርኩት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ፊቴን እንጂ ጀርባዬን አያይም። ከወንበሩ ባሻገር የሚታየኝ ግድግዳ ግን ይቀያየር ነበር። መጀመሪያ በሩ፣ ቀጥሎ መደርደሪያው፣ ቀጥሎ መስኮቱ። አንድ ዙር ስጨርስ አራቱም ግድግዳ በተራ ከፊቴ አልፏል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው በራሴ ላይም አንድ ዙር ከዞርኩ ብቻ ነው። ጨረቃ ይህንኑ የምታደርገው በ27 ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው። በሌላ ቀን ልጆቹን ራሳቸውን አዞርኳቸው። ያቺ ልጅ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለችና «ለካ እኔም እየዞርኩ ነው!» ብላ ጮኸች። መጽሐፉ ውስጥ ለወንበሩ ሁለት ሙሉ ገጽ ሰጠሁት፣ ሌላውን ብዙ ነገር ጥዬ።

ከዚያ የአዋቂዎቹን ጽሑፍ እንደገና ከፈትኩት። የማናየውን የጨረቃ ወገን «ጨለማው ጎን» ብዬው ነበር። ስህተት ነው። ፀሐይ እሱንም እንደኛው ወገን ታበራዋለች። ሉና 3 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1959 ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ወገን ፎቶ ያነሳችው እኮ አብዛኛው ክፍል ፀሐይ ስለነበረበት ነው። ርቀቱንም 384,400 ኪሎ ሜትር ብዬ አልፌው ነበር። ለልጆቹ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ቀንና ሌሊት ሳትቆም 160 ቀን ይፈጅባታል ብዬ ስጽፍ ቁጥሩ ለኔም ገና ያኔ ገባኝ፤ ለአዋቂዎቹም ጨመርኩት።

ለልጅ ነው ተብሎ ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ አድርጎ መጻፍ ግን በጣም ያናድደኛል። ጨረቃ ከየት መጣች? ብዙ ሳይንቲስቶች የሚቀበሉት ገና ብላቴና የነበረችውን ምድር ሌላ ትልቅ አካል ገጭቷት ከፍርስራሹ ተሠራች የሚለውን ሐሳብ ነው። ዝርዝሩ ላይ ግን ዛሬም ይከራከራሉ። ለልጆቹም «ያስባሉ» ብዬ ነው የጻፍኩት። አርታኢው ይውጣ ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ልጆች «ገና አልታወቀም» የሚለውን ገጽ ይወዱታል፣ ጥያቄ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ውል አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያውን ውል በደንብ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ውስጡ በዚህ ርዕስ ለሌላ ለማንም ላለመጻፍ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረበት፤ የአዋቂዎቹን ጽሑፍ አሻሽዬ ላወጣ ስል ያ አንቀጽ ያዘኝ፣ ለረጅም ጊዜም ቆምኩ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐቁን አይደለም። ያን አንቀጽ ግን በፊርማዬ ተቀብዬዋለሁ። አሁን እንዲህ ያለውን ሳይሰረዝ ወይም ለአንድ የዕድሜ ክልል ብቻ ሳይወሰን አልፈርምም። በግል የሚሠራ ሰው አንዱን ጥናት ለሁለትና ለሦስት ሥራ ካላዋለው ኑሮው አይሞላም።

አሁን ስለ ልብ እየሠራሁ ነው። በዚህኛው ከልጆቹ ጀመርኩ። «ልብ ይመታል» ስላቸው አንዱ ወዲያው «ምኑን ነው የሚመታው?» አለኝ። ድምፁ የሚመጣው ቫልቮች የሚባሉት የልብ ውስጥ ትንንሽ በሮች ሲዘጉ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰሞኑን በቤቴ ያለውን በርና ክዳን ሁሉ እየዘጋሁ ድምፁን እያዳመጥኩ ነው።