የቲራው ልጅና ወንድሜ

ከኢትዮጵያ የመጣሁ አይሁዳዊት ነኝ፤ እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። ሌሊት ተረኛ ስሆን ብዙ ጊዜ ከአንዲት ዓረብ ባልደረባዬ ጋር ነው የምመደበው። ገሊላ ተወልዳ ያደገች የእስራኤል ዜጋ ናት። እናቷ ሲደውሉ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በዓረብኛ ታወራለች። እኔ የእናቴን ስልክ በአማርኛ የማነሳው እዚያው ቆሜ ነው። ማንም ዞር ብሎ አያየኝም።

እስራኤል ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ዓረብ ነው። በ1948 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አገሩ ሲመሠረት ሳይወጡ የቀሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው አብዛኞቹ። እነዚያ የቀሩት ዜግነት አግኝተውም አብዛኞቹ እስከ 1966 በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ኖረዋል። ከመንደር ወደ ከተማ ለመሄድ እንኳ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። እኔ ይህ ኑሮ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ልብወለድ ሳነብ ነው።

ደራሲው ሰይድ ካሹዋ ቲራ የምትባል የእስራኤል ዓረቦች ከተማ ልጅ ነው፤ የሚጽፈው ግን በዕብራይስጥ ነው። በ2002 በወጣው «የሚደንሱ ዓረቦች» ውስጥ አንድ የቲራ ልጅ ኢየሩሳሌም ወዳለ የአይሁድ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። አንድ ቀን ወታደር ከአውቶቡስ ያስወርደዋል። ልጁ ያለቅሳል። ከዚያ በኋላ አይሁዳዊ መምሰል ይማራል። አነጋገሩን ያስተካክላል፣ አውቶቡስ ሲሳፈር የዕብራይስጥ መጽሐፍ ይይዛል።

ያንን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። ታናሽ ወንድሜ ውትድርናውን የጨረሰው በድንበር ፖሊስ ነው። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ እዚያ ያገለግላሉ። ያ ወታደር ወንድሜ ሊሆን ይችል ነበር። ያው ወንድሜ ዩኒፎርሙን አውልቆ በጂንስ ሲወጣ ደግሞ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ መታወቂያ ይጠይቀዋል። የቲራው ልጅ አነጋገሩን ቀይሮ ያልፋል። ወንድሜ ቆዳውን የት ያድርሰው?

ችግራችን አንድ ነው ማለቴ አይደለም። እኛን በ1991 አውሮፕላን ልከው፣ አገራችሁ ነው ብለው አመጡን። እነሱ ግን እዚያው እንዳሉ ነው አገሩ የተለወጠባቸው።

ባልደረባዬ ካሹዋን አትወደውም። «አይሁዶች እንዲስቁ ብሎ እኛን ያዋርዳል» ትላለች። የእሷ ሰው ኤሚል ሃቢቢ ነው። የሃይፋ ልጅ፣ በዓረብኛ የጻፈ፣ የክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባልም የነበረ። በ1974 ያወጣው ልብወለድ ጀግና ሳዒድ፣ አገሩ ላይ ለመቆየት ብሎ ለመንግሥት ወሬ አቀባይ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይጠሉት መጻፍ ትልቅ ችሎታ ይመስለኛል። ሃቢቢ በ1992 የእስራኤልን ሽልማት ሲቀበል ብዙ ዓረብ ወገኖቹ ተቆጥተውበታል። ግን አገሩን ትቶ አልሄደም። መቃብሩ ላይ «በሃይፋ የቀረ» የሚል እንዲጻፍለት ያደረገ ሰው ነው።

ካሹዋ በ2014 ቤተሰቡን ይዞ አሜሪካ ገባ። አብሮ የመኖር ተስፋው እንደተሟጠጠ ጽፏል። ይህ ሲነሳ ባልደረባዬ ትናደዳለች። «ሃቢቢ የቀረው ቀሎት ነው እንዴ?» ትለኛለች። እኔ በካሹዋ አልፈርድም። ልጆችን እየፈሩ ማሳደግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

መጽሐፉን ለወንድሜ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ ዘጋው።

«እቴ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለኝ።

«አውቃለሁ። አንተ ብቻ ጨርሰው፣ ከዚያ እናወራለን» አልኩት።

እስካሁን አልጨረሰውም። እኔም መጠየቄን አልተውኩም።