ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ጅማ ውስጥ፣ ከጅሬን ግርጌ፣ የሚታለቡ ሰባት ፍየሎች አሉን። ሐምሌ ሲገባ ግን ሰባ ይመስላሉ። በግ ዝናብ ውስጥ ቆማ ስትበሰብስ ግድ የላትም፤ ፍየል ግን ገና ሲያንጠባጥብ እየጮኸች ወደ ጋጣ ትሮጣለች።

ባለፈው ክረምት የወጠጤው ጋጣ ጣሪያ አፈሰሰ። ወጠጤው ደግሞ የግድ ያስፈልገን ነበር፤ ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ለታኅሣሥ ወተት የሚታሰበው ሐምሌ ላይ ነው። እስኪጠገን ብዬ ራሴ ጎትቼ ማለቢያው አጠገብ አሰርኩት። ከዚያ ረሳሁት።

በአራተኛው ቀን አንዲት ደንበኛችን ጠርሙሱን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ወተት ወጠጤ ወጠጤ ይላል። የልጅ ልጄ አንዴ ቀምሶ ተፋው» አሉኝ። ቀመስኩት። እውነታቸውን ነው።

በቀጥታ አላቢው ልጅ ላይ ወረድኩበት። ዕቃ አታጥብም፣ ሥራ አትወድም፣ ያልተናገርኩት የለም። ልጁ አልተከራከረም። ባልዲውን በፈላ ውኃ አጠበ፤ እናቱ እንደሚያደርጉት በወይራ አጠነው። በማግስቱ ወተቱ ወይራም ወጠጤም ሸተተ።

ከዚያ ልጁ ሁለት ኩባያ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስኪ ይቅመሱት።» አንደኛው ንጹሕ፣ ጣፋጭ ወተት ነው። ሌላኛው ያው ወጠጤ ወጠጤ የሚለው ነው። ሁለቱም ከአንዷ ፍየል ነው የታለቡት፦ የመጀመሪያው ከጓሮ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ፤ ሁለተኛው ከተለመደው ቦታ፣ ሳይከደን ትንሽ ቆይቶ። ምንም ሳይናገር በአገጩ ወደ ወጠጤው አመለከተኝ።

ወጠጤው የፊት እግሩና ጺሙ ላይ እየሸና ነበር። በመራቢያው ወቅት ሴቶቹን የሚያማልለው እንደዚያ ነው። ከቀንዱ ሥር ያሉት ዕጢዎችም የራሳቸውን ሽታ ይጨምራሉ። የወተት ቅባት ደግሞ ያገኘውን ሽታ ይይዛል። ልጁም በየጠዋቱ መጀመሪያ ወጠጤውን ያበላል፣ ከዚያ በዚያው እጁ ያልባል። ይህን ሥራ ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

ጣሪያው የዚያኑ ዕለት ተጠገነ፤ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነበር የፈጀው። ወጠጤው ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጁን ይቅርታ ስጠይቀው «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለኝ፤ ለሁለት ቀን ግን ከእኔ ጋር ቡና አልጠጣም።

ለደንበኛችን ሁለት ሊትር በነፃ ላክንላቸው። በማግስቱ መልእክት መጣ፦ ወተቱ ደህና ነው፣ ወይራዋ ግን እንዳትቀር።