የረቡዕ ምሽቶቹ እመቤት፦ ዶሊ ማዲሰን

ስለ አራተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስት ስለ ዶሊ ማዲሰን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚተረከው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተንን ሲያቃጥል የጆርጅ ዋሽንግተንን ሥዕል ከእሳት ማዳኗ። እኔ ግን ይህችን ሴት የማደንቃት በዚያ አንድ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ለዓመታት፣ ረቡዕ በመጣ ቁጥር፣ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ባከናወነችው ሥራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶሊ በ1768 በሰሜን ካሮላይና ስትወለድ ወላጆቿ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች ነበሩ። ማኅበሩ ምእመናኑ ከጌጥና ከጭፈራ እንዲርቁ ያዝዝ፣ ባርነትንም ያወግዝ ነበር። አባቷ በ1783 ባሪያዎቹን ነፃ አውጥቶ ቤተሰቡን ወደ ፊላደልፊያ ቢያዛውርም፣ እዚያ የጀመረው የልብስ ማጠንከሪያ ስታርች ንግድ ከሰረ፤ ዕዳውን መክፈል ስላልቻለም ማኅበሩ አባረረው። እሷ በ1790 ጆን ቶድ የተባለ ጠበቃ አገባች። በ1793 ቢጫ ወባ ከተማዋን ሲያጠቃ ባሏና ጨቅላ ልጇ በአንድ ቀን ሞቱ፤ ዶሊም ገና በሃያ አምስት ዓመቷ ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር ቀረች።

በማግስቱ ዓመት አሮን በር የተባለው ፖለቲከኛ ከጄምስ ማዲሰን ጋር አስተዋወቃት። ማዲሰን በዕድሜ አሥራ ሰባት ዓመት የሚበልጣት፣ በቁመቱ አጭር፣ በሰው መካከል ዝምተኛ፣ ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ ዋነኛ ቀራጭ የሚባል ሰው ነበር። በመስከረም 1794 ሲጋቡ፣ እሱ የእምነቷ ተከታይ ስላልነበረ፣ ማኅበሩ እሷንም አስወጣት።

በ1801 ማዲሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም የገቡባት ዋሽንግተን ጭቃ የበዛባት፣ ሕንጻዎቿም ገና ያላለቁ ከተማ ነበረች። የኮንግረስ አባላት ከየግዛታቸውና ከየወገናቸው ሰዎች ጋር በኪራይ ቤቶች ተሰባስበው ስለሚኖሩ፣ ተቃራኒ ወገኖች ከምክር ቤቱ ክርክር ውጪ ፊት ለፊት የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነበር። ፕሬዚዳንት ጄፈርሰንም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሲሆን፣ ግብዣ ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ወገኖች በተለያየ ቀን ይጠራ ነበር። ሴቶች በሚገኙበት ግብዣ አልፎ አልፎ አስተናጋጅነቱን የሚሰጠው ለዶሊ ነበርና፣ ባሏ በ1809 ፕሬዚዳንት ሲሆን ሥራውን ከአዲስ አልጀመረችም።

በዚያ ዓመት አዳራሹን ረቡዕ ምሽት ለሁሉም ወገን ከፈተችው። የማዲሰን ወገን የሆነው ሪፐብሊካኑና ተቃዋሚው ፌዴራሊስቱ፣ ሴናተሩና የውጭ አገር መልእክተኛው፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ በአንድ ክፍል እየተጋፉ ይቆሙ ነበር፤ ምሽቱ ራሱ በዚያ ግፊያ የሚጠራ ሆነ። ላባ የተሰካበት ጥምጥም አድርጋ በሕዝቡ መካከል ስትዘዋወር ከሩቅ ትለያለች፤ ሰው ሁሉ ሊያገኛት ይችላል፤ የሰውንም ስም አትረሳም። እንዲህ ባለ ምሽት ሹመት ይጠየቅበታል፣ ወሬ ይለዋወጡበታል፣ ቀን ሲሰዳደቡ የዋሉትም ማታ ጨዋ ለመሆን ይገደዳሉ። ይህን ሁሉ ጌጥ ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች የፖለቲካን አሠራር አያውቁም እላለሁ። በ1808 በማዲሰን የተሸነፈው ቻርልስ ፒንክኒ ከማዲሰን ብቻ ጋር ቢወዳደር ኖሮ የተሻለ ዕድል ይኖረው እንደነበር፣ ያሸነፉት ግን ባልና ሚስቱ መሆናቸውን ተናግሯል ይባላል።

እሷ ራሷ በአደባባይ ስለ ፖለቲካ መናገርን ትሸሽ ነበር። ይሁን እንጂ በ1805 ለጉልበቷ ሕክምና ፊላደልፊያ በነበረችበት ጊዜ ለባሏ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ከስፔንና ከእንግሊዝ ጋር ስላለው አለመግባባት እንዲያሳውቃት ትጠይቀዋለች።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ነሐሴ 24 ቀን 1814 የእንግሊዝ ወታደሮች ሲቃረቡ፣ በግድግዳው ላይ በብሎን የታሰረው ሥዕል አልነቀል ሲል ክፈፉ እንዲሰበር ያዘዘችው ዶሊ ናት። በቤቱ ባሪያ የነበረውና ያን ጊዜ ወጣት የነበረው ፖል ጄኒንግስ በ1865 ባሳተመው ትዝታው እንደጻፈው ግን፣ ሥዕሉን ያወረዱት ፈረንሳዊው በር ጠባቂና አትክልተኛው ናቸው። ለእኔ ከሥዕሉ የሚበልጠው ከቃጠሎው በኋላ የሆነው ነው፤ ኮንግረሱ ዋና ከተማዋን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ሲከራከር፣ እሷ ኦክታጎን በሚባለው ቤት እንግዶቿን መቀበሏን ቀጠለች። የማዛወሩም ሐሳብ በጠባብ ድምፅ ወደቀ።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ራሴን መታዘብ ይሆንብኛል። አባቷ ባሪያዎቹን ነፃ ያወጣ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የእሷ ግብዣ የሚሰናዳው፣ ቨርጂኒያ ባለው ሞንትፔሊየር እርሻቸውም ኑሮዋ የሚደላደለው በባሪያዎች ጉልበት ነበር። ማዲሰን በ1836 ከሞተ በኋላ ጄኒንግስን ነፃ አላወጣችውም፤ ይልቁንም ሸጠችው። በ1847 ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር በ120 ዶላር ገዝቶ፣ ገንዘቡን በወር 8 ዶላር ሒሳብ ሠርቶ እንዲከፍል አድርጎ ነፃ አወጣው። ያን ጊዜ ዶሊ ራሷ በድህነት ላይ ነበረች፤ ጄኒንግስም አንዳንዴ ከኪሱ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣት እንደነበር ጽፏል። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ከእሷ ይልቅ ስለ እሱ አስባለሁ።

ለድህነቷ ዋነኛ ምክንያቱ ከቢጫ ወባው የተረፈው ልጇ ነው፤ በመጠጥና በቁማር ሀብቷን ጨረሰው፣ ሞንትፔሊየርም በ1844 ተሸጠ። የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችበት፣ ከዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ባለው የላፋዬት አደባባይ ጥግ የሚገኘው ቤት ዛሬም ስላለ፣ ዋሽንግተን የምትኖሩ አንባቢዎች በእግራችሁ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በ1848 ኮንግረሱ የቀሩትን የባሏን ወረቀቶች በ25,000 ዶላር ሲገዛት፣ ልጇ እንዳይደርስበት 20,000ው በባለአደራዎች እጅ እንዲቆይ ወሰነ። እሷም በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ወር በሰማንያ አንድ ዓመቷ አረፈች።